ከአደጋ በኋላ ቆሽትን ማየት፤ “ፎቶው ንጹህ ነው” የሚለው ቃል መቼ ይበቃል?

በአገራችን አንድ ሰው ክፉኛ ሲናደድ “ቆሽቴ አረረ” ይላል፡፡ “ቆሽቴ ደበነ” የሚልም አለ፡፡ ቃሉ በሁላችንም አፍ ላይ ነው፡፡ ይሁን እንጂ ቆሽት የት እንደሚገኝ በጣት አሳዩ ብንባል ትክክለኛውን ቦታ የሚያሳየው ሰው ብዙ አይመስለኝም፡፡ አንዳንዱ ከጣፊያ ጋር ያምታታዋል፤ ሌላው የጉበት ክፍል አድርጎ ያስበዋል፡፡

እኔ የምሠራው በሆስፒታል የራጅ ክፍል ውስጥ ነው፡፡ ሥራዬ የሰውን የውስጥ አካል በፎቶ ማየትና ያየሁትን ለሚያክመው ሐኪም ጽፎ መስጠት ነው፡፡ እውነቱን ለመናገር ቆሽት ለእኛ ለባለሙያዎቹም የሚደበቅበት ጊዜ አለ፡፡ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝም አንድ ጊዜ ስለተደበቀብኝ ነው፡፡

ጊዜው የ2011 ዓ.ም. የክረምት እረፍት ነበር፡፡ የ10 ዓመት ልጅ በሰፈሩ በኪራይ ሳይክል ሲጫወት ቁልቁለት ላይ ይወድቃል፡፡ ሲወድቅ የሳይክሉ መሪ ጫፍ ከእምብርቱ ከፍ ብሎ ሆዱን መታው፡፡ ለጥቂት ደቂቃ ትንፋሽ አጠረው፤ አለቀሰ፤ ከዚያ ተሻለው፡፡ እናቱ ግን ሆዱ ላይ የሳንቲም ያህል ክብ ሰማያዊ ምልክት ስላየች ሳትዘናጋ ይዛው መጣች፡፡ በአልትራሳውንድ ታየ፤ ሆዱ ውስጥ የፈሰሰ ደም የለም፡፡ ሲቲ ስካንም ተነሣ፡፡ ከወደቀ ገና 3 ሰዓት አልሞላውም ነበር፡፡ ፎቶውን ያነበብኩት እኔ ነኝ፡፡ ጉበቱ ደህና፣ ጣፊያው ደህና፣ ኩላሊቶቹ ደህና፡፡ ቆሽቱንም አየሁት፤ የተሰነጠቀ ነገር አልታየኝም፡፡ “የጉዳት ምልክት አልታየም” ብዬ ጻፍኩ፡፡ ልጁ አድሮ ጠዋት ወደ ቤቱ ሄደ፡፡

በ4ኛው ቀን ተመለሰ፡፡ ያስመልሰዋል፤ ትኩሳት አለው፤ ሆዱ ተነፍቷል፤ ሕመሙ ወደ ጀርባው ይወጋዋል፡፡ እናቱ ኮሪደር ላይ አግኝታኝ “ዶክተር፣ ያን ዕለት ፎቶው ንጹህ ነው ብላችሁኝ አልነበረም እንዴ?” አለችኝ፡፡ በዚያች ሰዓት የሰጠኋት መልስ አጭርና ያልተሟላ ነበር፡፡ የተሟላውን ለእናንተ ለአንባብያን ላቅርብ፡፡

ቆሽት የት ነው? ሥራውስ ምንድን ነው?

ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ፣ ከአከርካሪ አጥንት ፊት ለፊት አግድም የተጋደመ ለስላሳ ዕጢ ነው፡፡ በአዋቂ ሰው ርዝመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፡፡ በስተቀኝ ያለው “ራሱ” በትንሹ አንጀት የመጀመሪያ ክፍል ታቅፎ ይገኛል፡፡ “አንገቱ”ና “ገላው” በአከርካሪው ላይ ያልፋሉ፡፡ “ጅራቱ” ደግሞ በስተግራ እስከ ጣፊያ ይደርሳል፡፡ ትላልቅ የደም ሥሮች ከኋላው ተጣብቀው ያልፋሉ፡፡

ሥራው ሁለት ነው፡፡ አንደኛው ኢንሱሊንን የመሳሰሉ፣ የደም ስኳርን የሚቆጣጠሩ ሆርሞኖችን ማመንጨት ነው፡፡ ሁለተኛው ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽ መሥራት ነው፡፡ በቀን ከ1 እስከ 2 ሊትር የሚደርስ ፈሳሽ ይሠራል፡፡ ይህ ፈሳሽ ዕጢውን ከጅራት እስከ ራስ በሚያቋርጥ አንድ ዋና ቱቦ ተሰብስቦ ወደ ትንሹ አንጀት ይፈስሳል፡፡ የቱቦው ስፋት 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ከፓስታ ዘለላ ብዙም አይወፍርም፡፡ ነገሩ ሁሉ በዚህች ቀጭን ቱቦ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ወደ ኋላ እናያለን፡፡ ፈሳሹ ሥጋና ቅባት የሚፈጭ ነውና ከመንገዱ ወጥቶ ሆድ ውስጥ ከፈሰሰ የሚያገኘው የራሱን የሰውዬውን አካል ነው፡፡

እንዴት ይጎዳል?

እ.ኤ.አ. በ1827 ትራቨርስ የተባለው እንግሊዛዊ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ በለንደን የሠረገላ መንኮራኩር ስለመታት አንዲት ሴት ጽፎ ነበር፡፡ ሴትዮዋ ከሞተች በኋላ አስከሬኗ ሲመረመር ቆሽቷ ለሁለት ተቆርጦ ተገኘ፡፡ በድንገተኛ ምት ስለተቆረጠ ቆሽት በሕክምና ጽሑፍ ከሰፈሩት ቀደምት ዘገባዎች አንዱ ይህ ነው፡፡

የአደጋው አሠራር ከዚያን ጊዜ ወዲህ አልተለወጠም፡፡ ከፊት የሚመጣው ምት ሆድን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ከኋላ አከርካሪው አለ፡፡ ቆሽት በሁለቱ መካከል ይጨፈለቃል፡፡ በሙቀጫና በዘነዘና መካከል እንደተያዘ ነገር ቁጠሩት፡፡ ስለዚህም በእንዲህ ዓይነቱ ምት ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው በአከርካሪው ላይ የሚያልፈው አንገቱ ወይም ገላው ነው፡፡ በአዋቂዎች ላይ ዋነኛው መቺ የመኪና መሪ ሲሆን፣ በሕፃናት ላይ የሳይክል መሪ ነው፡፡ በእኛ አገር ደግሞ የባጃጅ መሪ፣ የጋማ ከብት እርግጫ፣ በጠብ መካከል የተሰነዘረ ካልቾ፣ ከግንባታ ሥራ ላይ መውደቅ ይጨመሩበታል፡፡ ጥይትና ስለት የሚያደርሱት ጉዳት ሌላው መንገድ ነው፡፡

በሌላ በኩል የቆሽት ጉዳት የዕለት ተዕለት ነገር አይደለም፡፡ በአደጋ ምክንያት ወደ ሆስፒታል ከሚመጡት ሰዎች መካከል ቆሽታቸው የሚጎዳው ከ100 ሁለት እንኳ አይሞሉም፡፡ አስቸጋሪ የሚያደርገውም አንዱ ይኸው ነው፡፡ ሁልጊዜ የማይመጣ እንግዳ በር ሲያንኳኳ ቶሎ የሚያስታውሰው የለም፡፡

ጉዳቱ ለምን ይደበቃል?

የመጀመሪያው ምክንያት ቦታው ነው፡፡ ቆሽት የሚገኘው አንጀት ከተቀመጠበት የሆድ ክፍል ኋላ ነው፡፡ ከቆሽት የሚወጣ ፈሳሽም ሆነ ደም መጀመሪያ የሚጠራቀመው እዚያው ኋላ ነውና ሐኪሙ ሆድን በእጁ ሲጫን የሚጠብቀውን የሆድ መጠንከር ላያገኝ ይችላል፡፡ ሕመሙ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቀለል ብሎ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ የሚብስበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፡፡

ሁለተኛው እኛው የፈጠርነው ነው፡፡ ከደረት በታችና ከእምብርት በላይ የሚሰማ ሕመም በአገራችን አንድ ስም ብቻ ያለው ይመስላል፤ “ጨጓራዬ ነው” ይባላል፡፡ ከአደጋ በኋላ ለሚመጣ ሕመም ግን ይህ ስም አደገኛ ነው፡፡

ሦስተኛው የደም ምርመራው ነው፡፡ አሚሌዝና ላይፔዝ የተባሉት የቆሽት ኢንዛይሞች በደም ውስጥ ሲበዙ ቆሽት መነካቱን ይጠቁማሉ፡፡ ነገር ግን ከአደጋው በኋላ ወዲያው በተወሰደ ደም ላይ ልኬታቸው ትክክለኛ መስሎ ሊገኝ ይችላል፡፡ አሚሌዝ ደግሞ የምራቅ ዕጢ ሲጎዳም ይጨምራልና ፊቱ የተመታ ሰው ላይ ሊያሳስት ይችላል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ማኅበር ከአሜሪካው የአደጋ ቀዶ ሕክምና ማኅበር ጋር ያወጣው መመሪያ እነዚህ ምርመራዎች አደጋው ከደረሰ ከ3 ሰዓት በኋላ ተጀምረው በየ6 ሰዓቱ እንዲደጋገሙ ይመክራል፡፡ አንድ ጊዜ ከተወሰደው ቁጥር ይልቅ እየጨመረ የሚሄድ ቁጥር ብዙ ይናገራል፡፡

አልትራሳውንድ የሚያየውና የማያየው

ወደ ድንገተኛ ክፍል የመጣ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው መሣሪያ አልትራሳውንድ ነው፡፡ በድምፅ ሞገድ የሚሠራ፣ ጨረር የሌለው፣ አልጋው ድረስ የሚመጣ፣ ዋጋው ቀላል መሣሪያ ነው፡፡ ከአደጋ በኋላ በፍጥነት የሚደረገው አልትራሳውንድ አራት ቦታዎችን ይመለከታል፡፡ እነሱም የጉበት ዙሪያ፣ የጣፊያ ዙሪያ፣ የዳሌ ውስጥና የልብ ዙሪያ ናቸው፡፡ የሚፈልገውም የፈሰሰ ደም ነው፡፡ ለዚህ ሥራ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል፡፡

ቆሽትን ለማየት ግን ደካማ ነው፡፡ የድምፅ ሞገድ በአየር ውስጥ በሚገባ አያልፍም፡፡ ከቆሽት ፊት ለፊት ደግሞ አየር የያዙ ጨጓራና አንጀት ተጋርደዋል፡፡ ስለዚህ “አልትራሳውንዱ ደህና ነው” ማለት “በታዩት ቦታዎች ብዙ ደም አልፈሰሰም” ማለት እንጂ “ቆሽት ደህና ነው” ማለት አይደለም፡፡ ይህን ልዩነት ሕመምተኛውም አስታማሚውም ቢያውቁት ደስ ይለኛል፡፡

ሲቲ ስካን ምን ያህል ይታመናል?

ሲቲ ስካን የሕክምናን ዓለም የለወጠ ፈጠራ ነው፡፡ በሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሞከረው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1971 በለንደን ሲሆን፣ ፈልሳፊው ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ከአለን ኮርማክ ጋር በ1979 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል፡፡ አሠራሩ እንዲህ ነው፡፡ የራጅ ጨረር የሚያመነጨው ክፍል በሕመምተኛው ዙሪያ ይሽከረከራል፤ በማዶ በኩል ያሉት መቀበያዎች ከሰውነት አልፎ የወጣውን ጨረር ይለካሉ፤ ኮምፒዩተሩ ልኬቱን ወደ ሥዕል ይለውጠዋል፡፡ ድፎ ዳቦ ሲቆረስ ውስጡ ቁራሽ በቁራሽ እንደሚታይ የሰው ሆድም ሳይቆረስ እንደዚያው ይታያል፡፡ ፎቶው ራሱ በሰከንዶች ውስጥ ያልቃል፡፡

ለቆሽት ሲባል በደም ሥር የሚሰጥ ኮንትራስት የተባለ መድኃኒት ያስፈልጋል፡፡ መድኃኒቱ ሲሰጥ ሰውነት ለአፍታ ሞቅ ይላል፤ የሚያስደነግጥ አይደለም፡፡ ከተሰጠ ከ40 ሰከንድ ገደማ በኋላ ጤናማው ቆሽት ደም ስለሚደርሰው ደምቆ ይታያል፡፡ የተጨፈለቀው ክፍል ግን ጠቆር ብሎ ይቀራል፡፡ ከ70 ሰከንድ ገደማ በኋላ ደግሞ ጉበት፣ ጣፊያና ደም መላሽ ሥሮች ጎልተው ይወጣሉ፡፡ እኛ የምንፈልጋቸው ምልክቶች በዕጢው ላይ የሚታይ ስንጥቅ፣ የዕጢው ማበጥ፣ በዙሪያው የተጠራቀመ ፈሳሽ፣ በተለይም በቆሽትና ከኋላው በሚያልፈው የጣፊያ ደም መላሽ ሥር መካከል የገባ ፈሳሽ ናቸው፡፡ ስንጥቁ ከዕጢው ውፍረት ግማሹን ካለፈ ቱቦውም ሳይቆረጥ እንዳልቀረ እንጠረጥራለን፡፡

ታዲያ ይህን ያህል ችሎታ ያለው መሣሪያ ለምን ይስታል? መልሱ ሰዓቱ ላይ ነው፡፡ ጉዳቱ በደረሰ በመጀመሪያዎቹ 12 ሰዓታት ውስጥ በተነሣ ሲቲ ስካን ከ100 የቆሽት ጉዳቶች ከ20 እስከ 40 የሚሆኑት ላይታዩ እንደሚችሉ በሕክምና ጽሑፎች በተደጋጋሚ ተጠቅሷል፡፡ የተሰነጠቀው ዕጢ ሁለቱ ጠርዞች ገና አልተራራቁም፡፡ በመካከላቸው የገባው ደም በፎቶ ላይ ከዕጢው ጋር ይመሳሰላል፡፡ እብጠቱ አልጀመረም፤ ፈሳሹም አልተጠራቀመም፡፡ ሕፃናትና ቀጫጭን ሰዎች ደግሞ አካላትን አንዱን ከሌላው የሚለየው ስብ ስለሚያንሳቸው ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል፡፡

ስለዚህ ጥርጣሬ ካለ ከአደጋው በኋላ ባሉት ከ12 እስከ 24 ሰዓታት ውስጥ ሲቲ ስካኑ ይደገማል፡፡ አንዳንድ ቤተሰብ “ገንዘብ ለመሰብሰብ ነው” ብሎ ይቆጣል፡፡ አልፈርድበትም፤ ዋጋው ለብዙዎቻችን ከባድ ነው፡፡ ይሁን እንጂ ሁለተኛው ፎቶ የመጀመሪያው ድግግሞሽ ሳይሆን በሌላ ሰዓት የተጠየቀ ሌላ ጥያቄ ነው፡፡ የጨረሩም ነገር ችላ የሚባል አይደለም፡፡ አንድ የሆድ ሲቲ ስካን በግምት ሰው በ3 ዓመት ውስጥ ከተፈጥሮ ከሚያገኘው ጨረር ጋር የሚቀራረብ ነው፡፡ በተለይ ለሕፃናት ያለ በቂ ምክንያት አይታዘዝም፤ በቂ ምክንያት ሲኖር ግን አይፈራም፡፡

አንድ ነገር ላስታውስ፡፡ ይህ ሁሉ የሚሠራው የደም ግፊቱ ለተረጋጋ ሕመምተኛ ነው፡፡ ሆዱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ግፊቱ የወረደ ሰው ወደ ሲቲ ስካን ሳይሆን ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ነው የሚሄደው፡፡

ዋናው ጥያቄ ቱቦው ነው

እ.ኤ.አ. በ1990 የአሜሪካው የአደጋ ቀዶ ሕክምና ማኅበር የቆሽት ጉዳትን በ5 ደረጃ ከፍሎ አቀረበ፡፡ 1ኛው ደረጃ ቀላል መቀጥቀጥ ወይም ላይ ላዩን መሰንጠቅ ነው፡፡ 2ኛው ከዚያ የከፋ ሆኖ ቱቦው ያልተነካበት ነው፡፡ 3ኛው በስተግራ በኩል ባለው የቆሽት ክፍል ላይ ዕጢው የተቆረጠበት ወይም ቱቦው የተጎዳበት ነው፡፡ 4ኛው መቆረጡ በስተቀኝ፣ በራሱ በኩል ሲሆን ነው፡፡ 5ኛው ራሱ ሙሉ በሙሉ የደቀቀበት ነው፡፡

በ2ኛውና በ3ኛው ደረጃ መካከል ያለው ድንበር ዋናው ቱቦ ነው፡፡ ቱቦው ደህና ከሆነ ብዙውን ጊዜ በክትትል፣ በማስታገሻና በእረፍት ይድናል፡፡ ቱቦው ከተቆረጠ ግን ያ ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽ በየሰዓቱ ይፈስሳል፡፡ ውሎ ሲያድር ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት፣ መግል፣ ደም መፍሰስና ለወራት የማይደርቅ ቀዳዳ ሊያስከትል ይችላል፡፡ ቱቦው መቆረጡ ዘግይቶ ሲታወቅ የሚደርሰው ችግርም የሞት አደጋውም ይጨምራል፡፡ እንግዲህ ሐኪሙ “ቆሽቱ ተጎድቷል ወይ?” ብሎ ብቻ ማቆም የለበትም፤ “ቱቦውስ?” ብሎ መጠየቅ አለበት፡፡ ለዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ሲቲ ስካን ፍንጭ ይሰጣል እንጂ ሁልጊዜ ቁርጡን አይናገርም፡፡

ሳይቀዱ ቱቦውን ማየት

ቱቦውን በቀጥታ የሚያሳይ ዘዴ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ነበር፡፡ ኢ አር ሲ ፒ ይባላል፡፡ ጫፉ ላይ ማያ ያለው ረጅም ቱቦ በአፍ በኩል እስከ ትንሹ አንጀት ይገባል፤ ከዚያም በቆሽት ቱቦ አፍ በኩል ኮንትራስት ተረጭቶ ራጅ ይነሣል፡፡ ጥቅሙ በዚያው እግረ መንገድ መደገፊያ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ለማከም ማስቻሉ ነው፡፡ ጉዳቱ ደግሞ ራሱ ምርመራው ቆሽትን ሊያስቆጣ መቻሉ ነው፡፡ ማደንዘዣ፣ ልዩ መሣሪያና የሠለጠነ ባለሙያም ይፈልጋል፡፡

እ.ኤ.አ. በ1991 ሌላ መንገድ ይፋ ሆነ፡፡ ኤም አር ሲ ፒ ይባላል፡፡ የተለየ ማሽን አይደለም፤ በኤም አር አይ ማሽን የሚሠራ ልዩ አነሳስ ነው፡፡ ኤም አር አይ ጨረር የለውም፡፡ በኃይለኛ ማግኔት በሰውነታችን ውኃ ውስጥ ያለውን ሃይድሮጂን ያነቃቃና መልሶ የሚሰጠውን ምልክት ይሰበስባል፡፡ በዚህ ልዩ አነሳስ ጊዜ ሥጋውና ስቡ ምልክታቸው ቶሎ ስለሚከስም ይጨልማሉ፤ በቦታው የረጋ ፈሳሽ ግን ደምቆ ይቀራል፡፡ ስለዚህ ምንም ነገር በአፍ ሳይገባ፣ ምንም ሳይረጭ፣ የሐሞት ቱቦና የቆሽት ቱቦ በጨለማ ውስጥ እንደ ነጭ ክር ይታያሉ፡፡ ክሩ መሐል ላይ ከተበጠሰና በተበጠሰበት ቦታ ነጭ ኩሬ ከታየ ቱቦው ተቆርጧል ማለት ነው፡፡ በ2019 የወጣው መመሪያም የቱቦው ነገር ሲያጠራጥር ሰውነትን ሳይነካ ቁርጡን ለማወቅ የሚመርጠው ይህንኑ ነው፡፡

የራሱ ችግሮች ግን አሉት፡፡ ከሲቲ ስካን ይልቅ ረጅም ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል፡፡ ሕመምተኛው ሳይንቀሳቀስ፣ በየመካከሉም ትንፋሹን ይዞ መቆየት አለበት፤ ትንንሽ ልጆች ማደንዘዣ ሊያስፈልጋቸው ይችላል፡፡ ማሽኑ ማግኔት ስለሆነ በሰውነቱ ውስጥ የብረት ፍንጣሪ ያለበት ወይም የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት፡፡ በጦርነት ወይም በጥይት ተመትቶ የሚያውቅ ሰው ይህን እንዳይረሳ አደራ እላለሁ፡፡ ጠባሳው ቢሽርም ብረቱ ውስጥ ሊኖር ይችላል፡፡

የልጁ ነገር

ወደ ልጁ ልመለስ፡፡ በ4ኛው ቀን የተነሣው ሁለተኛ ሲቲ ስካን ቆሽቱ በአከርካሪው ላይ በሚያልፍበት ቦታ መሰንጠቁንና በዙሪያው ፈሳሽ መጠራቀሙን በግልጽ አሳየ፡፡ ለኤም አር ሲ ፒ በአምቡላንስ ወደ ሌላ ማዕከል ተወሰደ፡፡ ነጩ ክር መሐል ላይ ተቆርጦ ነበር፤ ጉዳቱ 3ኛ ደረጃ ነው፡፡ የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎቹ ከስንጥቁ በስተግራ ያለውን የቆሽት ክፍል አወጡ፤ ጣፊያውን ግን አተረፉለት፡፡ ዘግይቶ ስለነበር ቁስሉ ፈሳሽ ማፍሰሱን ቶሎ አላቆመም፡፡ ልጁ ከወር በላይ ሆስፒታል ተኛ፡፡ ትምህርት ተከፍቶ ጓደኞቹ ክፍል ሲገቡ እሱ ገና አልጋ ላይ ነበር፡፡ በመጨረሻ ድኖ ወጣ፤ በየጊዜው ስኳሩን እየተለካ ነው፡፡

እኔ በዚያው ሰሞን አንድ ምሽት ብቻዬን ቁጭ ብዬ የመጀመሪያውን ሲቲ ስካን እንደገና ከፈትኩት፡፡ ስንጥቁ አሁንም አይታይም፡፡ ነገር ግን በቆሽቱና በጣፊያው ደም መላሽ ሥር መካከል እንደ ክር የቀጠነ ፈሳሽ ነበር፡፡ መልሱን አውቄ ስለፈለግኩት ይሁን፣ ያን ዕለትም ላየው የሚገባኝ ይሁን እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፡፡ በእርግጠኝነት የምናገረው አንድ ነገር ነው፡፡ ያን ዕለት ፈሳሹን ባላየውም እንኳ “ፎቶው የተነሣው በ3 ሰዓት ውስጥ ነው፤ የሳይክል መሪ ስለመታው ሕመሙ ካልጠፋ በ24 ሰዓት ውስጥ ይደገም” የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ እችል ነበር፡፡ አልጻፍኩም፡፡ ለእናትየው በኋላ “እውነትዎን ነው እህቴ፤ ፎቶው ንጹህ ነበር፤ ግን በዚያች ሰዓት ብቻ ነው ንጹህ የነበረው፤ ይህን መንገር ነበረብን” አልኳት፡፡ ከዚያ ወዲህ በሆድ ላይ አደጋ የደረሰበትን ሰው ፎቶ ሳነብ አደጋው የደረሰበትን ሰዓትና የመታውን ነገር ሳልጠይቅ አልጽፍም፡፡

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

1. ምን እንደመታው በትክክል ተናገሩ፡፡ “ወደቀ” ከማለት “የሳይክል መሪ ሆዱን መታው”፣ “ፈረስ ረገጠው” ማለት ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል፡፡ ሰዓቱንም ተናገሩ፡፡ ልጆች ቁጣ ፈርተው ይደብቃሉና በእርጋታ ጠይቁ፡፡

2. ሆዱ የተመታን ሰው ለወጌሻ አታሳሹ፡፡ የተሰነጠቀ ጉበት፣ ጣፊያ ወይም ቆሽት ሲታሽ ይብስበታል፡፡

3. በሐኪም እስኪታይ ድረስ ምግብና መጠጥ አትስጡት፡፡ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል፡፡

4. “ደህና ነው” ተብላችሁ ወደ ቤት ስትላኩ “መቼ ልመለስ? ምን ካየሁ ልምጣ?” ብላችሁ ጠይቁ፡፡ ሕመም ካልጠፋ ወይም ከባሰ፣ ወደ ጀርባ ከወጋ፣ ካስመለሰ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ሆድ ከተነፋ፣ ልጁ መብላት እምቢ ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ ተመለሱ፡፡ “ጨጓራ ነው” ብላችሁ ማስታገሻ እየሰጣችሁ አትቆዩ፡፡

5. የተነሣችሁትን ፊልም፣ ሲዲና የጽሑፍ ውጤት አትጣሉ፡፡ ሁለተኛውን ፎቶ የሚያነብ ሰው ከመጀመሪያው ጋር ማወዳደር አለበት፡፡

6. ሲቲ ስካንም ሆነ ኤም አር አይ በሌለበት ከተማ ያላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፡፡ ሕመምተኛውን በየጥቂት ሰዓቱ ሆዱን የሚዳስስ፣ የልብ ምቱንና ትኩሳቱን የሚለካ፣ የአሚሌዝ ምርመራውን የሚደጋግም ሐኪም ትልቅ ነገር ነው፡፡ አንድ ሌሊት ሆስፒታል ይደር ሲባል አትከራከሩ፤ ሁኔታው ሲለወጥ በጊዜ ወደ ትልቅ ሆስፒታል መላክ የሚቻለው እንዲህ ሲታይ ነው፡፡

ውድ አንባብያን፣ መሣሪያዎቹ ዛሬ ትራቨርስ ያላለማቸውን ነገር ያሳዩናል፡፡ እሱ ከሞት በኋላ ያየውን እኛ ልጁ አልጋ ላይ እያለ፣ ሆዱን ሳንቀድ እናያለን፡፡ ነገር ግን ፎቶ የሚናገረው ስለተነሣበት ሰዓት ብቻ ነው፡፡ ከዚያ በኋላ ያለውን የሚናገረው ሕመምተኛው ነው፤ በልጅ ከሆነ ደግሞ እናቱ ናት፡፡ ያቺ እናት የሳንቲም ያህሏን ምልክት አይታ ልጇን ይዛ መምጣቷ ትክክል ነበር፡፡ በ4ኛው ቀን መመለሷም ትክክል ነበር፡፡ በ2ኛው ቀን እንድትመለስ ሊነግራት የሚገባው ሰው ግን እኔ ነበርኩ፡፡